እንቦጭ የጣና ብቻ አይደለም፣ ፒያሳም ድርሻ አላት

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወራሪ ዝርያ የሐይቅ ዳርና የቆላ ጣጣ እንጂ የአዲስ አበባ ሰው ራስ ምታት አይደለም። ከውጭ የመጣ ሁሉ አንድ ነውና መነቀል ካለበት ባህር ዛፍ ይቅደም። እንቦጭን አንድ ጠንካራ ዘመቻ ያጠፋዋል። ነፍሳት አምጥቶ አረም ማስበላት ነገ ጤፋችንን ያስበላል። ፓርቴኒየም የተባለው አረም ነጭ አበባ ሲያወጣ ስለሚለይ ያኔ ነቅሎ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ይበቃል። አፋርን የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ ከሰል አድርጎ መጨረስ ነው። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ የከተማችን ቁራዎችም እንደ ወራሪ ተደርበዋል።

ጽሑፉ ለአገር በማሰብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ችግሩ ምክሩን ቃል በቃል የተከተለ ሰው አረሙን የሚያባዛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የቆላ ጣጣ ነው» ከሚለው እንጀምር። እንቦጭ በአገራችን በይፋ የተመዘገበው በ1965 ቆቃ ግድብና አዋሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ጣና የደረሰው በ2011 ነው። ታዲያ ቆቃ የሚገባው ውኃ ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከዚሁ ከመሐል አዲስ አበባ ነው። ባንቲየቀጡና ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው ውኃው በእንቦጭ ተሸፍኖ አረንጓዴ መስክ መስሎ አግኝቶታል። እንቦጭ ሥሩን ጭቃ ውስጥ ሳይተክል የሚንሳፈፍ ተክል ነው፤ ምግቡን በሙሉ ከውኃው ይስባል። የሚፈልገው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከሽንት ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያና ከበረት የሚወጣው ፍሳሽ በእነዚህ የተሞላ ነው። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ላይ ያለ ሕንጻ ፍሳሹን በጎርፍ መውረጃ ቦይ ከለቀቀ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን አረም ማዳበሪያ እያበላ ነው።

ይህን ለማጣራት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የጎርፍ ቦይ የተሠራው ለዝናብ ነው። ጥር ላይ፣ ሰማዩ ወር ሙሉ ጠርቶ ሳለ ቦዩ ውስጥ ውኃ ከወረደ ያ ዝናብ አይደለም። ከየትኛው ግቢ እንደሚመጣ ለመለየት በየሽንት ቤቱ የምግብ ቀለም ጨምሮ ውኃ መልቀቅና ቦዩ ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው። ሁለት ግቢ በአንድ ቀን ሲፈተን ግን ቀለሙ ይለያይ፤ አለበለዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሴፕቲክ ታንኩ ትርፍ መውጫ ላይ ነው፦ ታንኩ ሲሞላ መኪና ጠርቶ ከማስመጠጥ ይልቅ ቱቦ ቀጥሎ ቦይ ውስጥ መክተት ርካሽ ይሆናል።

ከተማው አረም የሚያስፋፋበት ሁለተኛው መንገድ በሲኖትራክ ነው። መሐል ከተማ ውስጥ ሳይፈርስ ወይም ሳይገነባ የቀረ ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ለዚህ ሁሉ ግንባታ የሚሆነው አሸዋና ገረጋንቲ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ጭምር ይጫናል። የፓርቴኒየም ዘር ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀል ዓይን አይለየውም። አሸዋው ሲራገፍ፣ ክረምት ሲገባ፣ አጥሩ ሥር ይበቅላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እዚህ ግን ያልጠረጠረ ሰው ራሱ መንጣሪ ሆኖ ይቀራል፤ ለዓመታት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአሸዋ ክምር ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ዙሪያውን በየሳምንቱ መዞርና የበቀለውን በለጋነቱ መንቀል፣ የተረፈውን አሸዋ ለአትክልት ቦታ አለመስጠት፣ የመኪናውን ጎማና የጎን ጭቃ ደግሞ ወንዝ ዳር ሳይሆን ተመልሶ ሊታይ በሚችል አንድ ቦታ ማጠብ።

ሦስተኛው መንገድ ውበት ነው። እንቦጭ ራሱ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነው። ዛሬም ለጓሮ ኩሬ የሚፈልገው አይጠፋም። የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦም በየመንገዱ ዳር ችግኝ መሸጫ ለአጥር ይቀርባል። ፍሬውን ወፍ በልቶ ዘሩን የትም ይጥለዋል፤ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል። ለአጥር የሚሆን ሌላ ተክል ሞልቷል።

«ከውጭ የመጣ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ነጥብ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ሌሎቹን ሁሉ ይወልዳል። መጤና ወራሪ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በርበሬ፣ ድንች፣ በቆሎና ቲማቲም ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ መጤዎች ናቸው። ማንም ግን በርበሬ ጫካ ወረረ ሲል አልሰማንም፤ ሰው ካልተከለው አይስፋፋም። ወራሪ የሚባለው መጤ ሆኖ፣ ያለ ሰው እርዳታ ራሱን እያባዛ፣ ነባሩን እየገፋ የሚሄድ ነው። በ2023 የወጣው የመንግሥታቱ የብዝኃ ሕይወት ሳይንስ ጉባኤ ግምገማ በሰው አማካይነት ወደ አዲስ ቦታ ገብተው የተላመዱ ዝርያዎችን ከ37,000 በላይ ሲያደርስ፣ ከእነዚህ ጎጂ ወራሪ ያላቸው ከ3,500 በላይ ናቸው። ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም።

ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ የማገዶ እጥረት የጠናባትን አዲስ አበባን ለመታደግ ገባ። ውኃ መጠጣቱ፣ ሥሩ አጠገብ እህል አለማስበቀሉ እውነት ነው፤ ምንጭ ዳር መተከል የለበትም። እንጦጦን የሸፈነው ግን በዋናነት ተተክሎ እንጂ ወርሮ አይደለም። ባህር ዛፍ ላይ ክርክር ካለ የመሬት አጠቃቀም ክርክር ነው። ከፓርቴኒየም ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ጉልበትን የማይሸሽ ዛፍ ላይ አስጨርሶ የሚሸሸውን ማስመለጥ ነው።

ደግሞ ወራሪነት በዝርያው ላይ የተጻፈ እርግማን አይደለም፤ ቦታው ይወስነዋል። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በእኛው ጫሞና ባሮ ነባር ነው፣ ቤቱ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጨመር ግን በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎችን አመናመነ፤ ብዙዎቹም ጠፉ።

አሁን ወደ ዘመቻው። ጸሐፊው ሕዝብ ወጥቶ አንድ ወር ቢረባረብ እንቦጭ ታሪክ ይሆናል ይላሉ። ቁጥሩን እንየው። አንድ ሔክታር የረጋ የእንቦጭ ምንጣፍ እርጥቡን 300 ቶንና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከዚህ 95 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። 20 ቶን የሚጭን መኪና ለአንድ ሔክታር 15 ጊዜ ይመላለሳል፤ ተደክሞ ከተጓጓዘው ደረቁ ነገር 15 ቶን ብቻ ነው። ውኃን ከውኃ አውጥቶ በናፍጣ ማጓጓዝ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ደግሞ፣ ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘመቻው 90 በመቶውን አነሣ እንበል። የቀረው 10 ከ2 ሳምንት በኋላ 20፣ ከ4 በኋላ 40፣ ከ6 በኋላ 80 ነው። የምስጋና የምስክር ወረቀቱ ታትሞ ሳያልቅ ሐይቁ ተመልሶ ይሸፈናል። ሁሉም ተነቅሎ ቢያልቅ እንኳ ጭቃው ውስጥ የወደቀው ዘር ለ15፣ ለ20 ዓመት ሕያው ሆኖ ይቆያል። አበባው ሲጠወልግ አንገቱን ወደ ውኃ አጥፎ ዘሩን ታች ይረጫል፤ ውኃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ ይበቅላል።

በእጅ መንቀል ዋጋ የለውም እያልን አይደለም። ለትንሽ መነሻ፣ ለአዲስ ወረራ፣ ለዓሣ ማስገሪያ መውጫ ከእጅ የተሻለ የለም። ግን አሠራር አለው። መጀመሪያ ምንጣፉን በገመድ ላይ በታሰሩ ባዶ ጀሪካኖች ማጠር፣ ነፋስ የተገነጠለውን እንዳይወስድ። ተክሉን ከሥሩ ይዞ ማንሳት እንጂ በገጀራ አለመቆራረጥ፤ እናትና ልጅን የሚያያይዘው አግዳሚ ግንድ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ነው። የወጣውን ከክረምት የውኃ ልክ በላይ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ሳስቶ መበተን። ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃው ዳር እንደ ጭድ ይቆለላል፣ ከላይ ይደርቃል፣ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ሐምሌ ላይ ሐይቁ ሞልቶ መጥቶ አንሥቶ ይወስደዋል። ከዚያ በየ2 ሳምንቱ፣ እጥፍ ከመሆኑ በፊት፣ እዚያው ቦታ መመለስ። ጀልባና መረብም ወደ ሌላ ውኃ ከመሄዳቸው በፊት ይራገፉ፣ ይድረቁ።

ስለ ነፍሳቱ የተጻፈው ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም፤ ግን የተሳሳተውን ሰብል ፈርቷል። እንቦጭን የሚበላው የነቀዝ ዘመድ የሆነ ኒዮኬቲና የሚባል ትንሽ ጢንዚዛ ነው። ጎልማሳው ቅጠሉን ይልጣል፣ እጩ (ገና ያላደገው ትሉ) የቅጠሉን አንገት ሰርስሮ እምብርቱ ድረስ ይወርዳል፤ ተክሉ ውኃ ይገባበትና ይሰጥማል። ዑጋንዳ በ1995፣ ኬንያ በ1997 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለቀቁት። እስከ አሥርት ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አረሙ በከፍተኛ መጠን ወረደ፤ የ1997 እና 98ቱ የኤልኒኖ ማዕበልም አግዟል። ጢንዚዛው አረሙ ሲያልቅ ወደ በቆሎ ወይም ወደ ሙዝ አልዞረም፤ ሕይወቱ ከእንቦጭ ጋር ታስሯል። በኋላ በኪሱሙ ባሕረ ሰላጤ እንቦጩ መልሶ መጥቷል፤ ከከተማና ከእርሻ የሚገባው ፍሳሽ አልቆመምና። ቀደም ሲል ስለ ባንቲየቀጡ ያልነው ለዚህ ነው። ደግሞ ጢንዚዛው ይዘገያል፦ ውጤቱ በ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚታየው፣ ብርድ ሲበዛ ከዚያም ይቆያል። ጣና ከቪክቶሪያ በ650 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ተመሳሳይ ፍጥነት መጠበቅ አይገባም። ጢንዚዛ በተለቀቀበት ቦታ ደግሞ ሁሉንም አረም በማሽን ማውጣት ጢንዚዛውንም አብሮ ማውጣት ነው፤ ለእሱ የሚተው ክፍል ያስፈልጋል።

ጤፍ ሣር ነው። የፓርቴኒየም ጠላት ሆኖ የመጣው ዚጎግራማ የተባለው ቅጠል በል ጥንዚዛ ሊያስፈራን የሚገባው ለኑግና ለሱፍ ነበር፤ ሁለቱም ከፓርቴኒየም ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸውና። ለዚህም ነው አምቦ ባለው የተዘጋ ማቆያ ውስጥ ኑግ ላይ ሳይቀር የተፈተነው። አማራጭ ሳይሰጠው ተርቦ ከኑግ ጋር ይዘጋበታል፤ ቢቀምሰውም እንቁላል ጥሎ እጭ ካላሳደገ ያልፋል። ከዚህ በኋላ ነው ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀው።

ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረውን ከባድ ማስረጃ እኛው እንጥቀስላቸው፦ የትግራይ በለስ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀይ ቀለም ለማምረት ተብሎ የገባው ኮቺኒል ነፍሳት ከታሰበለት እርሻ አምልጦ የገበሬውን በለስ አወደመ። ይህ እውነተኛ ጥፋት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ነፍሳቱ ቁልቋል እንደሚበላ ይታወቅ ነበር፣ የበላውም ቁልቋል ነው፤ ወደ ጤፍ አልሄደም። ስሕተቱ የሰው ምግብና የከብት መኖ የሆነን ተክል የሚበላ ነፍሳት፣ በዚያው ተክል መሐል፣ ለንግድ ማራባት ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አስቀድሞ የመፈተን እንጂ በር የመዝጋት አይደለም።

ፓርቴኒየም ላይ የተሰጠው ምክር ከሁሉም አደገኛው ነው። ወሎ ላይ ቅንጬ አረም ይሉታል፤ ሐረርጌ ላይ ፈረምሲሳ፣ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት። ነጭ አበባውን መጠበቅ ማለት ዘሩን መጠበቅ ነው። ከበቀለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ይሰጣል። አበባው ሲታይ ከታች ያሉት ራሶች አፍርተው ሊሆን ይችላል፤ ስትነቅለው ትዘራዋለህ።

የሚለየው ከአበባው በፊት ነው፦ የካሮት ቅጠል የሚመስል፣ መሬት ላይ ክብ ሆኖ የተነጠፈ፣ ገና ግንድ ያላወጣ። ያኔ፣ ዝናብ አፈሩን ባራሰበት ማግሥት፣ ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ አድርጎ ከነሥሩ መሳብ ነው። በማጭድ ማጨድ አይጠቅምም፤ ከአንገቱ ከተቆረጠ ሦስትና አራት ሆኖ ያቆጠቁጣል። አንዴ ነክቼው ምንም አልሆንኩም ብሎ በባዶ እጅ መቀጠልም ስሕተት ነው፤ የቆዳው ቁጣ በተደጋጋሚ ንክኪ የሚገነባ ነው፣ አንዴ ከጀመረ በየዓመቱ ይመለሳል። አፍንጫን መሸፈንም ይገባል፤ ዱቄቱ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል።

አብቦ ከተገኘ መጀመሪያ ራሱን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ እዚያው ውስጥ መቁረጥ፣ አፉን ማሰር፣ ከዚያ ሥሩን መንቀል። ከረጢቱን ጉድጓድ ውስጥ አድርቆ ማቃጠል እንጂ ወንዝ ዳር መድፋት የለም። ኮምፖስት? ያላበበው ይቻላል። ያበበው ግን ለቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ የሚግል ክምር ይፈልጋል። የጓሮ ክምር መሐሉ ቢግል እንኳ ጠርዙ አይግልም፤ ያን ኮምፖስት የሚወስድ ሁሉ ዘሩን ወደ መደቡ ይወስዳል። ከነቀሉ በኋላ ቦታውን ባዶ መተው ሌላው ጥፋት ነው። ሰርዶ ወይም ሌላ ጠንካራ ሣር ማልበስ፣ ክረምቱን በየ3 ሳምንቱ መመለስ፣ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ስለሚቆይ ይህን ቢያንስ 5 ክረምት መድገም።

ፕሮሶፒስን በአጭሩ። አፋር ደርጊ ሐራ ይለዋል፣ የደርግ ዛፍ፤ መካከለኛው አዋሽ የገባበት ዘመን በስሙ ተጽፏል። እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሔክታር ገደማ ላይ ደርሶ ነበር። ከሰል ማድረግ ተሞክሯል፤ በ2000ዎቹ ማኅበራት ተደራጅተው ነበር። ሁለት ነገር አበላሸው። ቆራጩ ለሚቀጥለው ዓመት ከሰል እንዲሆነው ጉቶውን ትቶ ሄደ፣ ጉቶው እጥፍ ሆኖ አቆጠቆጠ። ከፕሮሶፒሱ ጋር ነባሩ ግራርም ተከሰለ፤ ከረጢት ውስጥ ማን ይለየዋል? ዛፉ እንዳያንሰራራ የሥሩን አንገት ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ መቁረጥ ወይም መንቀልና፣ ወዲያው ሣር መዝራት ወይም ማረስ ያስፈልጋል። ፍሬው ይሰብሰብ፣ ግን በወፍጮ ዘሩ ጭምር ይፈጭ፤ ሳይፈጭ የበላ ከብት በእበቱ ይዘራዋል። ከተወረረ ቦታ የሚነዳ መንጋ ለ1 ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ቢቆይ ሆዱ ይጸዳል። የአዲስ አበባ ገዢ ከሰል በመግዛቱ ብቻ አፋርን አያጸዳም።

ቁራውን ተዉት! አዲስ አበባ ላይ የምናየው፣ ምንቃሩ የገዘፈ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ትልቁ ጥቁር ወፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነባር ነው፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ወራሪው የሕንድ ቁራ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንገቱ ግራጫ የሆነ ሌላ ወፍ ነው። በ1890ዎቹ ቆሻሻ እንዲያነሣ ተብሎ ዛንዚባር ገባ፣ ዛሬ ጅቡቲም አለ፤ ኬንያ በ2024 አንድ ሚሊዮን ለማጥፋት ማቀዷን አስታውቃለች። የእኛውን ነባር ገድሎ ወራሪ አጠፋሁ ማለት አሳፋሪ ነው።

ጸሐፊው ስለ እንስሳት ሲያወሩ ሁለት ትናንሽ ፍጥረቶችን ዘለዋል። የአሜሪካ መጤ ተምች አፍሪካ ውስጥ በ2016፣ እኛ ዘንድ በ2017 ታየ። ከነባሩ ተምች የሚለየው ግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ ዋይ ፊደል የሚመስል ምልክትና ጅራቱ አጠገብ በካሬ በተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ነው። የእሳት ራቱ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል፤ ሴቷ በሕይወቷ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ጓሮው በቆሎ ያለው ሰው በሳምንት ሁለቴ የቅጠሉን ጀርባ አይቶ የእንቁላሉን ክምር በጣቱ ይደምስስ። ትሉ አንዴ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ ካደገ መርጨት ብዙም አይደርስበትም።

ሌላው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው መጤ የወባ ትንኝ ነው። በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዟል። የምናውቃት የወባ ትንኝ የገጠር ረግረግ ትወዳለች፤ ይህቺ የከተማ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ጉድጓድ ትወዳለች። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው፦ አዲስ አበባን ለጊዜው ብርዱ ይጠብቃታል። ከዚህ ወደ ድሬዳዋ፣ አዋሽና ሰመራ ለሥራ የሚወርደው ኮንትራክተር ግን ልማዱን ይዞ ነው የሚወርደው። የኩሪንግ (የኮንክሪት ማጠጫ) ውኃ ጉድጓድ በ7 ቀን አንዴ ተሟጥጦ ይድረቅ፤ ከእንቁላል እስከ መብረር አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ሳምንት ሳይሞላ የደረቀ ጉድጓድ ትንኝ አያወጣም። የሮቶ ክዳን ከተሰበረ በጥብቅ ወንፊት ይታሰር።

በመጨረሻ ጸሐፊው እንግዳ ተክል ያየ ሰው «የሚነገረው አካል የለም» ብለዋል። አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) አለ፤ የማያውቁት ተክል ሲገጥም ስሙን የሚለዩት እዚያ ነው። ቅጠል ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም። አበባና ፍሬ ያለው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ፣ ትንሽ ከሆነ ከነሥሩ፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግቶ፣ አንዱን ቅጠል ጀርባውን አዙሮ፣ በከባድ መጽሐፍ መጫን። ጋዜጣው ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየቀኑ ይቀየር፤ አለበለዚያ ይሻግታል። ፓርቴኒየም የሚመስል ከሆነ በተዘጋ ፕላስቲክ ይሂድ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳይራገፍ። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ የተገኘበት ሁኔታ (አሸዋ ክምር፣ ቦይ ዳር፣ አጥር ሥር)፣ ቁመቱና የአበባው ቀለም ይጻፍ። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋልና እዚያው ቆመው ይጻፉት።